የሀርሊንግ ሻምፒዮና አደረጃጀት፦ ጠንካራውን ያተርፋል፣ ደካማውንስ ምን ያደርገዋል?

ሰሌዳ_ቆጣሪ

በዱላና በትንሽ ኳስ የሚጫወቱትን የአየርላንድ ሀርሊንግን የምትከታተሉ ሁሉ፣ አንድ ጥያቄ አብረን እንፈትሽ። ውድድሩ ከጥሎ ማለፍ ወደ ምድብ ጨዋታ ሲዞር ማን ተጠቀመ? «ጨዋታ በዛ፣ ስለዚህ ለትንንሾቹም ዕድል ተሰጠ» ሲባል እሰማለሁ። የውጤት መዝገቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

መጀመሪያ በቃላት እንስማማ። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ነው፣ 3 ይቆጠራል። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈች 1 ነው፤ እሱን ነጠላ እንበለው። ስለዚህ 3-27 ማለት 3 ጎልና 27 ነጠላ፣ በድምሩ 36 ነው። ነጥብ የምለው በሰንጠረዡ የሚያዘውን ብቻ ነው፤ ለድል 2፣ ለአቻ 1።

አሁን ስለ ቅርጹ። እስከ 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በነበረው አሠራር በላይኛው እርከን 11 ካውንቲዎች፣ ማለትም የአውራጃ ቡድኖች፣ ይጫወቱ ነበር። በማንስተር ክፍለ ሀገር 5 ናቸው፦ ክሌር፣ ኮርክ፣ ሊመሪክ፣ ቲፐሬሪና ዋተርፎርድ። በሌንስተር ክፍለ ሀገር ደግሞ 6፤ በ2018 እና በ2019 ግን 5 ነበሩ። በየምድቡ ሁሉም ከሁሉም ተጫውቶ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ያልፋሉ። አንደኛና ሁለተኛው ለክፍለ ሀገሩ ዋንጫ ይገናኛሉ፤ አሸናፊው በቀጥታ ወደ ግማሽ ፍጻሜ፣ ተሸናፊው ወደ ሩብ ፍጻሜ ይሄዳል። ሦስተኛው ቅድመ ሩብ ፍጻሜ ይጠብቀው ነበር፤ እዚያ የሚገጥመው ከሁለተኛው እርከን፣ ከጆ ማክዶና ዋንጫ፣ ለፍጻሜ ከደረሱት ሁለት ቡድኖች አንዱን ነበር።

የምድብ አሠራሩ የተተገበረባቸው 6 ዓመታት 2018፣ 2019 እና ከ2022 እስከ 2025 ናቸው። በ2020 እና 2021 በወረርሽኙ ምክንያት ጥሎ ማለፍ ተመልሶ ነበር። በእነዚያ 6 ዓመታት የመላው አየርላንድ ዋንጫ የት ገባ? ክፍለ ሀገሩን ያሸነፈ ቡድን የወሰደው 2 ጊዜ ብቻ ነው፦ ሊመሪክ በ2022 እና በ2023። በክፍለ ሀገሩ ፍጻሜ ተሸንፎ የወሰደ 2 ጊዜ፦ ቲፐሬሪ በ2019፣ ክሌር በ2024። በምድቡ ሦስተኛ ወጥቶ የወሰደም 2 ጊዜ፦ ሊመሪክ በ2018፣ ቲፐሬሪ በ2025። በድሮው ሕግ ቢሆን አራቱ ሻምፒዮኖች ገና ክፍለ ሀገራቸው ውስጥ ሳሉ ወደ ቤታቸው በተሸኙ ነበር። አዲሱ ቅርጽ ከሁሉ በፊት ለኃይለኛው ሁለተኛ ነፍስ ሰጥቷል ባይ ነኝ።

ገና_በሜዳ

ትክክል ብለሃል፤ ሥሩ ግን ከ2018 በፊት ነው። እስከ 1996 ድረስ በማንስተርም በሌንስተርም አንድ ሽንፈት የዓመቱ መጨረሻ ነበር። በ1997 በሁለቱ ክፍለ ሀገሮች ፍጻሜ የተሸነፉት በሩብ ፍጻሜ እንዲመለሱ ተፈቀደ። ሰዉ «የጓሮ በር» ያለው ያንን ነው። በዚያው ዓመት ክሌር ቲፐሬሪን በማንስተር ፍጻሜ ካሸነፈ በኋላ በመላው አየርላንድ ፍጻሜ እንደገና አገኘው፤ 0-20 ለ 2-13፣ በአንድ ልዩነት ዳግም አሸነፈ። በ1998 ግን ኦፋሊ በሌንስተር ፍጻሜ በኪልኬኒ ተሸንፎ፣ በጓሮ በር ተመልሶ፣ ያንኑ ኪልኬኒን 2-16 ለ 1-13 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። በዚህ መንገድ ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ቡድን እሱ ነው። በ2002 በሩ ይበልጥ ሰፋ፤ በ2004 ኮርክ የማንስተሩን ፍጻሜ በዋተርፎርድ ተነጥቆ በመስከረም ሻምፒዮን ሆነ።

በሩ ሲከፈት የሚገባው ቀድሞውንም ለማሸነፍ የቀረበ ቡድን ነው። ኦፋሊ በ1998 ደካማ አልነበረም፤ በ1994 ሻምፒዮን ነበር። ጥሎ ማለፍ ለደካማው የሚሰጠው ኃይለኛው በአንድ መጥፎ ቀን እንዲወድቅ ነው። ያንን ቀን የምድብ ጨዋታ ያካክሰዋል።

ሌላው ነገር የጨዋታው ጠባይ ነው። በእግር ኳስ ደካማው በአንድ ጎል አሸንፎ ሊወጣ ይችላል። በሀርሊንግ ግን በ70 ደቂቃ ውስጥ ብዙ ቁጥር ይመዘገባል። የ2022 ፍጻሜ 1-31 ለ 2-26 ነበር፤ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 60 ጊዜ አስቆጥረዋል። ቁጥሩ በበዛ መጠን ዕድል የሚጫወተው ሚና ያንሳል፣ የተሻለው ቡድን ብልጫው ይገለጣል። በዚያ ላይ ጨዋታውን ከአንድ ወደ አራት ስታበዛው ደካማው የሚተማመንበት ግርግር የበለጠ ይጠፋል።

ጀማሪ_ተመልካች

ይቅርታ፣ መሠረታዊ ጥያቄ አለኝ። ነጥባቸው እኩል ከሆነ ማን ያልፋል? በእግር ኳስ እንደለመድነው የእርስ በርስ ግንኙነት ነው ወይስ ልዩነት?

ሰሌዳ_ቆጣሪ

ሁለት ቡድን ብቻ እኩል ከሆኑ የእርስ በርስ ጨዋታቸው ይታያል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን የእርስ በርሱ ይቀርና በምድቡ በሙሉ ያስቆጠሩትና የተቆጠረባቸው ልዩነት ይመጣል። ደካማው ቡድን ሳያስበው ዳኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው የ2019 ሌንስተር ነው። ኪልኬኒ፣ ዌክስፎርድ፣ ደብሊንና ጎልዌይ አራቱም በ5 ነጥብ ጨረሱ። ካርሎ በ0 ግርጌ ሆነ። አራቱም ካርሎን አሸንፈዋል፤ በመካከላቸው ከነበሩት 6 ጨዋታዎች ደግሞ እያንዳንዱ በትክክል 3 ነጥብ ይዞ ወጣ። ዌክስፎርድ ከካርሎ በቀር ማንንም አላሸነፈም፤ ሌሎቹን ሦስቱን አቻ ወጣ፣ ግን አለፈ፣ ከዚያም የሌንስተርን ዋንጫ አነሳ። ጎልዌይ ኪልኬኒን በራሱ በኪልኬኒ ሜዳ አሸንፎ ሳለ በልዩነት ወደቀ።

ልብ በሉ፣ በእንዲህ ያለ ምድብ ካርሎን በ9 ያሸነፈና በ20 ያሸነፈ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ኃይለኛው ቡድን ጨዋታው ካለቀለት በኋላም እግሩን አያነሳም፤ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ትኩስ ተቀያሪዎችን አስገብቶ ይቀጥላል። ለጨዋታው ከሚመዘገቡት 26 ተጫዋቾች 5 መቀየር ይቻላል፤ የትልቁ ካውንቲ 20ኛ ተጫዋች ከትንሹ ካውንቲ 10ኛ ሊበልጥ ይችላል። የደካማው ቡድን አሳፋሪ ሽንፈት የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው። ሕጉ ራሱ ነው የሚያስከፋው።

ማዕዘን_15

በአንድ ነገር አልስማማም። «ምድቡ ኃይለኛውን ይጠብቃል» ካላችሁ፣ ማንስተርን እንዴት ታስረዱታላችሁ? ክሌር በ2024 ኮርክን በተጨማሪ ሰዓት 3-29 ለ 1-34 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2025 ከምድቡ አላለፈም። ቲፐሬሪ በ2024 የምድቡ ግርጌ ነበር፤ በዓመቱ ኮርክን 3-27 ለ 1-18 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። በሌንስተር ኪልኬኒ ከ2020 እስከ 2025 ስድስቱንም የክፍለ ሀገር ዋንጫ ሰብስቧል፤ የመላው አየርላንድን ግን አንዱንም አላገኘም። ምድብ የሚጠብቀው በቀላል ምድብ ያለውን ኃይለኛ ነው። አምስቱም ኃይለኛ በሆኑበት ምድብ ሁለቱ የግድ ይወድቃሉ።

ከሁሉ የተጎዳው ዋተርፎርድ ነው። በስድስቱም የምድብ ዓመታት ከማንስተር አላለፈም፣ አንድም ጊዜ። በ2020 ጥሎ ማለፍ ሲመለስ ግን ኮርክን አሸነፈ፣ በማንስተር ፍጻሜ በሊመሪክ ተሸነፈ፣ በጓሮ በር ተመልሶ ክሌርንና ኪልኬኒን ጥሎ ለመላው አየርላንድ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ 0-30 ለ 0-19 ተሸነፈ፣ እሺ። ግን በአንዱ ቅርጽ ለፍጻሜ የሚበቃው ካውንቲ በሌላው ቅርጽ ከምድብ አይወጣም። ይህ የቅርጽ ጉዳይ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ሒሳብ_ወዳድ

የሁለታችሁንም ሐሳብ በቁጥር ማስታረቅ ይቻላል። ቀለል አድርገን፣ አንድ ቡድን እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ እኩል ነው እንበል፣ አቻ የለም እንበል። በጥሎ ማለፍ ለመቀጠል 1 ጨዋታ ማሸነፍ አለበት። በምድብ ደግሞ ከ4 ጨዋታ ቢያንስ 2 ማሸነፍ አለበት እንበል፤ 4 ነጥብ ሁልጊዜ አያሳልፍም፣ ለግምት ግን ይበቃል።

ዕድሉ 70 ከመቶ የሆነ ኃይለኛ ቡድን በጥሎ ማለፍ በ70 ከመቶ ይቀጥላል፣ በምድብ በ92 ከመቶ። ዕድሉ 30 የሆነ ቡድን ከ30 ወደ 35 ገደማ ከፍ ይላል። ዕድሉ 20 የሆነ ከ20 ወደ 18 ይወርዳል። ዕድሉ 10 የሆነ ደግሞ ከ10 ወደ 5 ገደማ ያሽቆለቁላል። መለያዋ መስመር 23 ከመቶ አካባቢ ናት። ከእሷ በላይ ያለ ሁሉ ከምድብ ያተርፋል፣ ከእሷ በታች ያለ ይከስራል፤ ትልቁ ትርፍ ግን የላይኞቹ ነው።

መስፈርቱ ወደ 3 ድል ከፍ ካለ ነገሩ ይከብዳል። 30 ከመቶ ያለው ቡድን ከ4 ጨዋታ 3 የማሸነፍ ዕድሉ 8 ከመቶ ብቻ ነው። በማንስተር 4 ነጥብ የማይበቃበት ዓመት ሲመጣ ዋተርፎርድን የሚያጎብጠው ይህ ነው። ማዕዘን፣ ነጥብህ ትክክል ነው፤ ሰሌዳ ቆጣሪም አልተሳሳተም። ዋተርፎርድ ደካማ ቡድን አይደለም፤ በደንብ የሚጫወት ሆኖ ምድቡ ግን ከመስመሯ አጠገብ ያስቀመጠው ነው።

ገና_በሜዳ

በዋተርፎርድ ላይ ቁጥር የማይነግረው ነገርም አለ። በምድብ እያንዳንዱ 2 ጨዋታ በሜዳው፣ 2 ከሜዳው ውጭ ይጫወታል። በ2018 ግን የዋተርፎርድ ሜዳ ብቁ ስላልነበረ «በሜዳው» የተባሉለትን ሁለቱን ጨዋታዎች ሊመሪክና ተርልስ ከተሞች ሄዶ ነው የተጫወተው። አራቱም ጨዋታ ከሜዳ ውጭ ሆነ ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት የዕለት አደላደሉም ጎድቶታል። 5 ቡድን ሲሆን በየዙሩ አንዱ ያርፋል፤ 10 ጨዋታ በ5 ዙር ያልቃል። በ2018 ዙሮቹ በተከታታይ ሳምንታት ስለነበሩ ማረፊያው ዳር ላይ የወደቀበት ቡድን 4 እሑድ ያለ ዕረፍት መጫወት ነበረበት። ማረፊያው የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ዙር ላይ የወደቀባቸው ዋተርፎርድና ቲፐሬሪ ነበሩ። ሁለቱም ወደቁ። ኋላ በዙሮቹ መካከል ባዶ ሳምንት ተጨመረ። ለትንሽ ካውንቲ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ የጡንቻ መሳሳብ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያስቀራል፣ በ4 ሳምንት ውድድር ያ ማለት የዓመቱ ግማሽ ነው።

የታችኛው_እርከን

እናንተ ስለ ላይኞቹ አምስትና ስድስት ትከራከራላችሁ። የእኔ ሐሳብ ከእነሱ በታች ስላሉት ነው፤ ቅርጹ በእውነት ሰው የሚያነሳውና የሚጥለው እዚያ ነው።

እርከኖቹን ላስታውስ። በ2005 ክሪስቲ ሪንግና ኒኪ ራካርድ ዋንጫዎች ተመሠረቱ፣ በ2009 ሎሪ ማሀር፣ በ2018 ጆ ማክዶና። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ከአቻው ጋር በርካታ ጨዋታ ያገኛል። ከ2005 በፊት ትንሽ ካውንቲ በበጋ አንድ ጊዜ በ25 ልዩነት ተደብድቦ ዓመቱ ያልቅ ነበር።

ችግሩ ያለው በሁለቱ የላይኛ እርከኖች መካከል ባለው ግንብ ላይ ነው። ማክዶናን ያሸነፈ ወደ ሌንስተር ያድጋል፣ የሌንስተር ግርጌ ይወርዳል። ውጤቱን እዩት። ካርሎ በ2018 አሸነፈ፣ በ2019 ወረደ፤ በ2023 አሸነፈ፣ በ2024 ወረደ። አንትሪም በ2020 አሸነፈ፣ በ2021 ወረደ፣ በ2022 አሸነፈ፣ ሁለት ዓመት ተቋቁሞ በ2025 ወረደ። ዌስትሚዝ በ2021 አሸነፈ፣ አንድ ዓመት ቆይቶ በ2023 ወረደ። ቡድን ለመገንባት ቢያንስ 3 ዓመት ይፈልጋል፤ ቅርጹ የሚሰጠው አንድ ነው።

ሲወርዱም መውረድ የሚገባቸው ሆነው አይደለም። ዌስትሚዝ በ2023 ዌክስፎርድ ሄዶ፣ በ17 ከተመራ በኋላ 4-18 ለ 2-22 አሸነፈ። ወረደ። ካርሎ በ2024 በሜዳው ኪልኬኒን፣ የሌንስተርን ሻምፒዮን፣ 1-20 ለ 1-20 አቻ ያዘ። ወረደ። ኦፋሊ ደግሞ አራት ጊዜ የመላው አየርላንድ ሻምፒዮን የሆነ ካውንቲ ነው፤ በ2018 ከሌንስተር ወረደ፣ በ2019 ከማክዶናም ወረደ። ክሪስቲ ሪንግን በ2021፣ ማክዶናን በ2024 አሸንፎ እስኪመለስ ድረስ ሰባት ዓመት ፈጀ። በ2025 ግን አልወረደም፤ ያ ያስደስተኛል።

የማንስተር ግርጌስ? ማንም በቀጥታ አይወርድም። አደጋ የሚመጣው ኬሪ ማክዶናን ካሸነፈ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ኬሪ በቀጥታ አያድግም፣ ከማንስተር ግርጌ ጋር የማጣሪያ ጨዋታ ይጫወታል። ኬሪ በ2020፣ 2021 እና 2022 በተከታታይ ለማክዶና ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸነፈ። ለሌንስተር ቡድን ግርጌ መሆን መውረድ ነው፤ ለማንስተር ቡድን ግርጌ መሆን የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው። ቲፐሬሪ ከ2024 ግርጌነት ወደ 2025 ዋንጫ የተሻገረው በዚህ ጥበቃ ሥር ሆኖ ነው። እንዲህ ያለ መድልዎ በአንድ ውድድር ውስጥ መኖር የለበትም።

ጀማሪ_ተመልካች

ቅድመ ሩብ ፍጻሜውስ? የማክዶና ቡድኖችን ከላይኞቹ ጋር መጫወቱ ጠቀማቸው ወይስ ጎዳቸው?

የታችኛው_እርከን

በአብዛኛው ጎድቷቸዋል። በ2018 ሊመሪክ ካርሎን 5-22 ለ 0-13 አሸነፈ፣ 24 ልዩነት። በ2023 ቲፐሬሪ ኦፋሊን 7-38 ለ 3-18፣ 32 ልዩነት። ምክንያቱ የጥራት ልዩነት ብቻ አይደለም። የማክዶና ፍጻሜ የዓመቱ ግብ ነው፤ ያሸነፈው ደስታውን ሳይጨርስ፣ የተሸነፈው ቁስሉ ሳይደርቅ፣ በ2025 ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ከማንስተር ወይም ከሌንስተር ሦስተኛ ጋር ይጋፈጣል። ተቃራኒው ደግሞ ባለፈው ወር ከምርጦቹ ጋር ሲጋጠም የከረመ ነው።

ማዕዘን_15

ሊሽን ግን አትርሱ። በ2019 ማክዶናን ካነሳ በሳምንቱ፣ በገዛ ሜዳው ፖርትሊሽ፣ ደብሊንን 1-22 ለ 0-23 አሸነፈ። ያ ደብሊን ከላይ ከተጠቀሰው ባለ 5 ነጥብ ምድብ ጎልዌይን ጥሎ የመጣው ነው። ሊሽ ከዚያ በሩብ ፍጻሜ ለኋለኛው ሻምፒዮን ለቲፐሬሪ ተሸነፈ። ቅድመ ሩብ ፍጻሜው ሲሰረዝ እንዲህ ያለው ቀን አብሮ ይሰረዛል። እኔ የምለው፣ ጨዋታው ይቅር ሳይሆን በማክዶና ፍጻሜና በእሱ መካከል ሙሉ 2 ሳምንት ይሁን፣ ሁልጊዜም በማክዶናው ቡድን ሜዳ ይሁን።

ሒሳብ_ወዳድ

ስለ ዕረፍት ካነሳን፣ በ2025 የሆነው ሊታይ ይገባል። የማንስተር ፍጻሜ ሰኔ 7 በፈረንጆች ነበር፤ ኮርክና ሊመሪክ ከተጨማሪ ሰዓት በኋላ እኩል ሆነው ኮርክ በመለያ ምት አሸነፈ። ሊመሪክ በ2 ሳምንቱ በሩብ ፍጻሜ በደብሊን 2-24 ለ 0-28 ወደቀ፤ ደብሊን አብዛኛውን ጨዋታ በ14 ሰው ነው የተጫወተው። ኮርክ 4 ሳምንት አርፎ ያንን ደብሊን 7-26 ለ 2-21 አሸነፈ። ቲፐሬሪ ግን ሦስተኛ ወጥቶ፣ ከምድቡ 4 ጋር በድምሩ 8 ጨዋታ ተጫውቶ፣ 7 የተጫወተውን ኮርክ በፍጻሜው በ15 ልዩነት አሸነፈ። ስለዚህ ክፍለ ሀገሩን ማሸነፍ የሚሰጠው ሽልማት በዋናነት ዕረፍት ነው። የክፍለ ሀገሩን ፍጻሜ የተሸነፈው ደግሞ ከሦስተኛው የሚለየው አንድ ቀላል ጨዋታ በመዝለሉ ብቻ ነው፤ ያ ቀላል ጨዋታ አንዳንዴ ከመዝለል ይልቅ ቢጫወቱት ይሻላል፣ በተለይ ከባድ ሽንፈት ተከትሎ ከሆነ።

ሰሌዳ_ቆጣሪ

ከዚህ ሁሉ በኋላ አቋሜን ትንሽ አስተካክላለሁ። ምድቡ ይቆይ፤ ከ23 ከመቶ መስመር በላይ ላለ ሁሉ ፍትሐዊ ነው። መለወጥ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ያደገ ቡድን ለ2 ዓመት እንዳይወርድ፤ የሁለቱ ዓመት ነጥብ ተደምሮ ይታይ። ሁለተኛ፣ የመውረድ አደጋው በማንስተርና በሌንስተር ግርጌ መካከል በአንድ ማጣሪያ ጨዋታ ይወሰን፣ በገለልተኛ ሜዳ። ሦስተኛ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ቡድን እኩል ሲሆን ከግርጌው ቡድን ጋር የተደረገው ጨዋታ ከልዩነቱ ስሌት ይውጣ።

የታችኛው_እርከን

ሁለተኛው ላይ ማንስተሮች እሺ ይሉ ይሆን? አምስቱም ካውንቲ ሻምፒዮን የመሆን አቅም አለን ይላሉ፣ እውነትም አላቸው። አንዱ ወርዶ በማክዶና አንድ ዓመት ቢያሳልፍ የማንስተር ምድብ 4 ቡድን ይቀረዋል፣ 6 ጨዋታ ብቻ። የመግቢያ ገቢውም ይቀንሳል። ያድናቸው የነበረው ኬሪ አድጎ ቦታውን ቢሞላ ነው። ሦስተኛው ሐሳብህ ግን ከነገ ጀምሮ ሊሠራ የሚችል ነው፤ በ2019 ሌንስተር ላይ ቢሠራ ማን ያልፍ እንደነበር አስልተህ ትለጥፍልን?

ሰሌዳ_ቆጣሪ

እሺ፣ የስድስቱን ጨዋታዎች ውጤት ከነጎሉና ከነነጠላው ለይቼ በሰንጠረዥ አወጣዋለሁ። ካርሎ ሲወጣ አራቱም እኩል 3 ነጥብ ይኖራቸዋል፤ ሦስት አቻ የያዘው ዌክስፎርድ ልዩነቱ በትክክል 0 ይሆናል፣ የቀሩት ሦስቱ በእሱ ዙሪያ ይደረደራሉ። ነገ ማታ እዚሁ ይጠብቁኝ።